ወደ ፖርትላንድ ለምትመጡ፣ የሙሉጌታ ሥራውን ነገር እወቁ

ፖርትላንድ ለሐበሻ ትመቻለች ወይ ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሥራ ሌሎቹ በደንብ መልሰውልሻል። እኔ ማንም ያላነሳውን፣ እዚህ ከተማ ዘረኞች የገደሉትን የኢትዮጵያዊውን የሙሉጌታ ሥራውን ነገር ልጨምር።

ፖርትላንድ ያለችበትን ኦሪገንን ብዙ ሰው ዘረኝነት የማይታይባት ግዛት አድርጎ ነው የሚያስባት። ግን በ1857 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የጸደቀው ሕገ መንግሥቷ ጥቁር ሰው መጥቶ እንዳይኖርና መሬት እንዳይኖረው ይከለክል ነበር፤ አንቀጹ የተሰረዘው በ1926 ነው። በ1922 የተመረጠው ገዥ ዋልተር ፒርስ ደግሞ የነጭ ዘረኞች ድርጅት የሆነው የኩ ክለክስ ክላን ድጋፍ ነበረው። በ1980ዎቹ የመጡት ስኪንሄዶች (ጭንቅላታቸውን የሚላጩ ነጭ ዘረኛ ወጣቶች) እንግዲህ ከሰማይ ዱብ አላሉም።

ሙሉጌታ ለትምህርት መጥቶ እየሠራ የሚኖር የ28 ዓመት ወጣት ነበር። ኖቬምበር 13 ቀን 1988 ሌሊት፣ ጓደኞቹ በመኪና ቤቱ ሊያደርሱት መንገድ ላይ ቆመው ሳለ፣ ኢስት ሳይድ ዋይት ፕራይድ የሚባለው የስኪንሄዶች ቡድን ሦስት አባላት መጡባቸው። በቤዝቦል ዱላ ጭንቅላቱን መትተው ገደሉት። ምንም አላደረጋቸውም። ጥቁር መሆኑ ብቻ በቃቸው። ሦስቱም ታሰሩ፤ ዱላውን የያዘው ኬን ሚስኪ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በ2011 እስር ቤት ሞተ።

ብዙ ሰው ወሬውን እዚህ ላይ ያቆመዋል፣ እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ካሊፎርኒያ ተቀምጦ ጥላቻ የሚሰብክ ቶም ሜትዝገር የሚባል የነጭ የበላይነት ድርጅት መሪ ነበር፣ ፖርትላንድ ያሉትን ልጆች የሚያደራጅ ሰውም ልኮ ነበር። የሙሉጌታ ቤተሰብ ሜትዝገርን ከሰሰ፤ ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር የሚባል የመብት ተሟጋች ድርጅት ጥብቅና ቆመላቸው። በ1990 ለቤተሰቡ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደ። ገንዘቡ ሁሉ ባይገኝም ሜትዝገር ቤቱን አጣ። ዱላውን በእጁ ያልነካ ሰው ተጠያቂ ሆነ ማለት ነው! በ2000 ደግሞ አይዳሆ ግዛት ውስጥ አርያን ኔሽንስ የሚባል ሌላ የነጭ የበላይነት ድርጅት በተመሳሳይ ክስ ተረትቶ የሚሰበሰብበትን ግቢ አጣ።

እንዳትመጪ እያልኩሽ አይደለም፣ እኛም እዚሁ ልጆች እያሳደግን ነው። ግን ይሄ ነገር ድሮ ቀረ የሚልሽን ሰው አትስሚ፤ በ2017 እዚሁ ባቡር ውስጥ አንድ ዘረኛ ሁለት ወጣት ሴቶችን ሲሳደብ ሊያስቆሙት የሞከሩ ሁለት ሰዎችን በጩቤ ገድሏል። ዛቻ ወይም ስድብ ከደረሰብሽ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የመኪናውን ሰሌዳ ያዢ፣ የነበሩ ሰዎችንም ስልክ ተቀበዪ። አደጋ ካለ 911 ደውዪ። ከዚያ ውጭ የኦሪገን ፍትሕ መሥሪያ ቤት ለጥላቻ ጥቃት ብቻ የከፈተው የስልክ መስመር አለ፤ አስተርጓሚ ስላለው በአማርኛ ማስረዳት እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው።