ካምሻፍት ከተቀየረ በኋላ ታይሚንጉ 12 ዲግሪ ያነባል፣ ሞተሩ ግን ጉልበት የለውም

ጥያቄ
ሰላም ባለሙያዎች። መኪናው የ1985 እ.ኤ.አ. ሼቭሮሌት ፒክአፕ ነው፤ ሞተሩ ባለ ካርቡራተር 350 (5.7 ሊትር)። ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ባጭሩ ካም)፣ ታፔት፣ ካቴናና ጥርሶቹ በአዲስ ተቀይረዋል። ይነሳል፤ ግን ከታች ጉልበት የለውም፣ ነዳጅ ሲረገጥ በካርቡራተሩ በኩል ይተኩሳል። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቫኪዩሙ፣ ማለትም የሞተሩ አየር የመሳብ ኃይል፣ ከ18 ወደ 12 ኢንች ወርዷል። ኮምፕሬሽኑ በሁሉም ሲሊንደር ከ115 እስከ 120 ፒኤስአይ ነው፤ ድሮ 150 ነበር። ታይሚንጉን (ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ስንት ዲግሪ እንደሚቀድም) በታይሚንግ መብራት 12 ዲግሪ ላይ አድርሼዋለሁ፤ ለዚያ ግን ዲስትሪቢዩተሩን (ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን) ከመፍታቴ በፊት ካሰመርኩት መስመር 10 ዲግሪ ያህል በሰዓት ተቃራኒ ማዞር ነበረብኝ። አንድ ጥርስ ላሳልፈው?

መልስ 1
ወንድሜ፣ ዲስትሪቢዩተሩን አትንካው። ጥፋቱን የምትናገረው ያቺ 10 ዲግሪ ናት። የዲስትሪቢዩተሩ ጥርስ 13 ነው፤ በአንድ ጥርስ ቢስት ኖሮ 28 ዲግሪ ገደማ ታዞረው ነበር። የካምሻፍቱ ጥርስ ግን በብዛት 36 ነው፤ አንዷ 10 ዲግሪ፣ በክራንኩ (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ሲለካ 20።

ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረው ካምሻፍቱ ስለሆነ ካሙ ሲዘገይ እሱም አብሮ ይዘገያል። አንተ አካሉን አዙረህ ብልጭታውን መለስከው፤ ቫልቮቹ ግን እንደዘገዩ ቀሩ። መብራቱ የሚያሳይህ ካንዴላው መቼ እንደሚያቀጣጥል ብቻ ነው። አስገቢው ቫልቭ ዘግይቶ ሲዘጋ ፒስተኑ የሳበውን መልሶ ይገፋዋል፤ ኮምፕሬሽኑ በሁሉም ሲሊንደር እኩል የወረደው ለዚህ ይመስለኛል። ቫልቭ ክፍት የሚያቆይበት ጊዜ የረዘመ ካምም ጥቂት ስለሚያወርደው በዚህ ብቻ አትፍረድ።

የፊት ክዳኑን ሳትፈታ ይታያል። ካንዴላዎቹን አውጣ፣ የ1ኛ ሲሊንደርን የቫልቭ ክዳን አንሳ፣ ክራንኩን በእጅ በሰዓት አቅጣጫ አዙር። አስወጪው እየተዘጋ አስገቢው መከፈት ሲጀምር የፑሌጃውን (በክራንኩ የፊት ጫፍ ያለውን መዘውር) ምልክት 0 ላይ፣ ማለትም 1ኛው ፒስተን ጫፍ በሚደርስበት ላይ፣ አቁም። ሁለቱም ጥቂት፣ ተቀራራቢ ያህል መከፈት አለባቸው፤ አስገቢው በትንሹ ቢበልጥ ችግር የለም። አስወጪው በግልጽ በልጦ ከተከፈተ ካሙ ዘግይቷል።

መልስ 2
መጀመሪያ 0 ራሱ እውነት መሆኑን እዩ። የፑሌጃው የውጭ ቀለበት በጎማ የተያዘ ነው፤ ጎማው ሲያረጅ ይንሸራተታል። ባትሪውን ንቀል፣ በ1ኛው የካንዴላ ቀዳዳ የፒስተን ማቆሚያ ብሎን አስገባ፣ ክራንኩን ቀስ ብለህ እስኪነካ አዙርና ፑሌጃው ላይ አስምር። በተቃራኒው አዙረህ እንደገና አስምር። የሁለቱ መስመሮች መሃል ትክክለኛው 0 ነው።

መልስ 3
ከ1996 እስከ 2000 ያለው ቮርቴክ 5.7 ያላችሁ ግን ዲስትሪቢዩተሩን አዙሮ ታይሚንግ ማስተካከሉን አትከተሉ። እዚያ ብልጭታውን የሚወስነው የክራንክ ሴንሰሩ ነው፤ ዲስትሪቢዩተሩን ብታዞሩት ታይሚንጉ አይለወጥም። በስካነር የካም ሪታርድ (የካም መዘግየት) ንባቡን ከ1000 ዙር በላይ አድርጋችሁ እዩት፤ ከ0 በ2 ዲግሪ በላይ መራቅ የለበትም። ሲርቅ ኮድ ፒ1345 ይመጣል።

ጠያቂ
0 ትክክል ነው። አስወጪው ቫልቭ በግልጽ ክፍት ነው፣ አስገቢው ገና አልተነቃነቀም። የክራንኩ ጥርስ ሦስት የኪይ (ጥርሱን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ቁራጭ ብረት) መግቢያ አለው።

መልስ 1
እንግዲያው የፊት ክዳኑን ፍታ። እያንዳንዱ የኪይ መግቢያ የራሱ ምልክት አለው፤ በአንዱ ኪይ አስገብቶ በሌላው ምልክት መግጠም የተለመደ ስህተት ነው። ለ0 የተሰጠውን መግቢያ ከራሱ ምልክት ጋር ተጠቀም፤ የክራንኩ ነጥብ ወደ ላይ፣ የካሙ ወደ ታች ሆነው ፊት ለፊት ይተያዩ።

በዚህ አቀማመጥ የሚያቀጣጥለው 6ኛው ሲሊንደር ነው። ስለዚህ ዲስትሪቢዩተሩን ከማስገባትህ በፊት ክራንኩን አንድ ሙሉ ዙር አዙር፤ ያኔ 1ኛው ይመጣል። ሲገባ 6 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከቀረ የዘይት ፓምፑ ዘንግ አልገጠመም ማለት ነው፤ በብሎን አስገድደህ አታውርደው። በረጅም ጠፍጣፋ ካቻቢቴ የዘንጉን ጫፍ አዙረህ አስተካክልና መልሰህ ሞክር። ከዚያ የቫኪዩም ቱቦውን ነቅለህ፣ አፉን ደፍነህ፣ 12 ዲግሪ ላይ እሰር። ወደ 3000 ዙር ስታወጣው ጠቅላላው ታይሚንግ ከ34 እስከ 36 ዲግሪ መድረስ አለበት።