ጥጥ የያዘው የካርቦን ፍላጻ

12 የካርቦን ፍላጻዎች አሉኝ። የደጋኔ ጉልበት 40 ፓውንድ ነው። ትናንት በ18 ሜትር ስለማመድ አንዱ ፍላጻ ሌላውን ከኋላው መታው። ጅማቱ የሚገባበት ፕላስቲክ ተሰነጠቀ፤ እሱን ቀየርኩት። ያስጨነቀኝ ዘንጉ ነው።

ሁለቱን ጫፍ ይዤ ከፊቴ አራቅኩትና ቀስ አድርጌ አጎበጥኩት። እያዞርኩ በአራቱም በኩል ደገምኩት። ምንም የመሰንጠቅ ድምፅ የለም። ጠመዘዝኩት፣ አሁንም ዝም። ከዚያ ጥጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳስኬድበት፣ ከኋላው 3 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ አንዲት ቀጭን የጥጥ ክር ተይዛ ቀረች። በባትሪ ሳየው ፀጉር የምታክል ጭረት አለች፣ በዘንጉ ርዝመት የሄደች። ጥፍሬን ያዝ ታደርገዋለች፣ ግን በጣም በትንሹ። የላዩ ቅብ ብቻ ይሁን የካርቦኑ ቃጫ ራሱ የተሰነጠቀው፣ መለየት አቃተኝ።

የተጎዳ ካርቦን ሲለቀቅ ሊፈነዳና ስንጣሪው ደጋን የያዘው እጅ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል አውቃለሁ። ለአንድ ፍላጻ ብዬ እጄን አልሰጥም። ስለዚህ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ግን ነገም ሌላው ይመታል፣ በጥርጣሬ ብቻ ሁሉን እየጣልኩ አልዘልቀውም።

ሲጎብጥ ድምፅ የማያሰማ፣ ጥጥ ግን የሚይዝ ዘንግ ሲገጥማችሁ፣ የላይ ጭረትን ከእውነተኛ ስንጥቅ የምትለዩት በምንድን ነው?