የድሮ የቴሌቪዥን ጭውውቶች ዛሬም ያስቃሉ?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦ የደረጀ ኃይሌንና የሀብቴ ምትኩን ጭውውት ለታናናሾቼ በዩቲዩብ ከፍቼላቸው፣ እኔ ገና ከመግቢያው ስስቅ እነሱ «መቼ ነው የሚጀምረው?» አሉኝ። ቀልዱ አርጅቶ ነው ወይስ የተመልካቹ ትዕግሥት አልቆ?

መልስ፦ ትዕግሥቱ ይመስለኛል። ያኔ ቤተሰቡ በሙሉ ብቸኛውን ጣቢያ ከፍቶ የበዓል ዝግጅት ስለሚጠባበቅ፣ ተዋናዩ የገጸ ባሕርዩን ጠባይ ቀስ በቀስ እያሳየ ሳቁን ማዘግየት ይችል ነበር፤ የቲክቶክ ቀልድ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ካላሳቀ ይታለፋል።

ሌላ መልስ፦ በከፊል እስማማለሁ፤ ሆኖም የገጠር ሰውን አነጋገር በማስመሰል ብቻ ሳቅ የሚፈልጉት ጭውውቶች፣ እንደ ሐዋሳ ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት ከተማ ቅር ያሰኛሉ እንጂ አያስቁም። (የዛሬዎቹም ከዚህ አልጸዱም።) የአለባቸው ተካና የልመንህ ታደሰ የቃላት ቅብብል ግን አሁንም ያስቀኛል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፤ እነሱን አሳያቸዋለሁ።