የጂ ፕላስ 1 ቤታችንን ራሴ እየሳልኩ ነው፣ ደረጃው አስቸገረኝ

የአዌቱ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። ጅማ መንደራ ቆጪ 200 ካሬ ቦታ አለን፣ 10 በ20 ነው ፊቱ ወደ ምዕራብ፣ አሁን ያለውን የጭቃ ቤት አፍርሰን ከወንድሜ ጋር ጂ ፕላስ 1 ልንሰራ አስበናል። መሃንዲስ ጋ ከመሄዴ በፊት የምንፈልገውን እኔው ልሳለው ብዬ ስዊት ሆም ስሪዲ የሚባል የቤት መሳያ ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ፣ ነፃ ነው ያለ ኢንተርኔትም ይሰራል፣ ይኸው ሶስት ሳምንት ማታ ማታ እሱ ላይ ነኝ። ታች ሳሎን፣ ኪችንና አንድ ሽንት ቤት፣ ላይ አራት መኝታ። ደረጃውን ከካታሎጉ ጎትቼ ሳስገባው ይገባል ግን በስሪዲ ሳየው መሰላል ነው የሚመስለው፣ ላስረዝመው ስል ደሞ ሳሎኑን ይበላዋል። አባቴ 74 ዓመቱ ነው ጉልበቱን ያመዋል። ሳሎኑን ላጥብበው ወይስ ደረጃውን ውጪ ላውጣው?

እርሳስና ማስመሪያ፦
መጀመሪያ የግድግዳህን ውፍረት እየው። ፕሮግራሙ ካልነካኸው 7.5 ሴንቲ አድርጎ ነው የሚስለው፣ በ20 ብሎኬት ተገንብቶ በሁለቱም በኩል ሲለሰን ግን ወደ 24 ይመጣል፣ ስለዚ በወርዱ አራት ግድግዳ ካለህ ወደ 65 ሴንቲ የሚሆን የሌለ ቦታ ላይ ነው ሶፋ የደረደርከው። የግድግዳ ከፍታውም 250 ነው ወለሉም 12 ሴንቲ፣ እነሱንም አስተካክል።
ደረጃው እንዲህ ነው የሚሰላው። ከታች ወለል እስከ ላይ ወለል 3.06 ሜትር ብትይዝ በ17 ሴንቲ ከፍታ 18 እርከን ይወጣሃል። መሃል ላይ ማረፊያ አድርገህ 9 በ9 ታጥፈዋለህ፣ የእግር መርገጫው 28 ሴንቲ ከሆነ 8 መርገጫ 2.24 ነው (ዘጠነኛው ማረፊያው ራሱ ስለሆነ አይቆጠርም)፣ ማረፊያው 1.10 ሲጨመር 3.34 ርዝመት፣ ወርዱ 2.30 ገደማ። ይሄን ባዶ አራት ማዕዘን መጀመሪያ ቦታ ስጠው ሌላውን ክፍል ከዛ በኋላ ሳል። ውጪ አታውጣው፣ በጅማ ዝናብ እርጥብ ደረጃ ለሽማግሌ አደጋ ነው። ሌላው ላይ ያለው ሻወር ከታችኛው ሽንት ቤት ትክክል በላይ ይሁን፣ ቧንቧው ቀጥ ብሎ ይወርዳል ሳሎንህ ላይም አያንጠባጥብም። ኮለንና ቢም (ቤቱን የሚሸከሙት ምሶሶና አግዳሚ) የት እንደሚሆን ፕሮግራሙ አያውቅም፣ እሱን መሃንዲሱ ነው የሚወስነው፣ ለግንባታ ፈቃድም ፈቃድ ያለው ባለሙያ የፈረመበት ፕላን ነው የሚጠየቀው።

ጅሬን፦
ወንድሜ እኔ ስለ ሴንቲ ሜትሩ አላውቅም ግን አባትህን ላይ እንዳታስተኛቸው። እኛ ቤት ስንሰራ አራቱንም መኝታ ላይ አደረግን፣ እናቴ ስድስት ወር ወጣች ወረደች ከዛ በቃ ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረች፣ እንግዳ ሲመጣ ጋቢዋን አጣጥፋ ትነሳ ነበር። የደረጃው መደገፊያ የተሰራው በአንድ በኩል ብቻ ስለነበር ስትወርድ በግራ እጇ ግድግዳውን ትይዛለች፣ ቀለሙ እሷ የምትይዝበት ጋ መስመር ሰርቶ ለቋል፣ እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው እስካሁን ማስቀባት አልቻልኩም። ታች አንድ መኝታ ከነሻወሩ አድርግላቸው፣ ሳሎኑ ይጥበብ። ደሞ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ አትይ፣ ጓሮ ላይ ካስማ ተክለህ በሲባጎ ክፍሎቹን ወጥርና ቤተሰቡን አስገባበት፣ ወንበር አስቀምጥ፣ እናትህ ረከቦቷን ይዛ ከኪችን ሳሎን ትሂድበት።

ሂርማታ፦
ሁለቱም ልክ ናቸው እኔ ጣሪያውን ልጨምር። ጅማ በዓመት ወደ 1500 ሚሊሜትር ዝናብ ነው የሚወርድባት፣ አዲስ አበባ ያየኸውን ጠፍጣፋ ጣሪያ አታምጣ፣ ቆርቆሮው ከግድግዳው ወጣ ይበል አሸንዳውም ሰፊ ይሁን። ጅሬን የሚባለው ቦታ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግስት ሄደህ እየው፣ ባለ ፎቅ እንጨት ቤት ነው፣ ክዳኑና በረንዳው ግድግዳውን ከዝናብ እንዴት እንደሚጠብቁት ቆመህ ተመልከት።
ፊቱ ወደ ምዕራብ ከሆነ ደሞ የከሰዓቱ ፀሐይ ቀጥታ ነው የሚገባው። ፕሮግራሙ ላይ ኮምፓስ አለ፣ ሰሜኑን አስተካክልና 7.67 ሰሜን 36.83 ምስራቅ ብለህ ሙላው፣ ከዛ ፎቶ ሲያወጣ ቀንና ሰዓት ምረጥ ጥላው የት እንደሚያርፍ ያሳይሃል። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ የኛን 10 ሰዓት 16 ብለህ አስገባ። መሬቱ ጥቁር አፈር ከሆነ ግን ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል፣ የመሰረቱን ጥልቀት ሳያስመረምሩ እንዳትጀምሩ።

የአዌቱ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ጅሬን እናትሽን ነፍስ ይማር። እሁድ ሲባጎውን ወጥረን ዋልን። እናቴ ረከቦቱን ይዛ ስትዞር ኪችን በር ላይ ክርኗ ሲባጎውን መታው፣ 70 ሴንቲ ነበር ያደረግኩት 90 አደረግነው። ደረጃውን በ3.34 በ2.30 አስገባሁት፣ ከጎኑ የአባቴ መኝታ ከነሻወሩ ወጣ፣ ሳሎኑ ከ6 ሜትር 4.60 ሆነ ማንም ቅር አላለውም። ላይ ሶስት መኝታ ይበቃናል። አባቴ በሲባጎው መኝታ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ብዙ ቆየና መስኮቱ ወደ ጓሮ ይሁን አለ፣ ጓሮ አያቴ የተከለችው ቡና አለ፣ ከዛ ሊታየው ፈልጎ ነው። ግንዱ ከሰሜን አጥር 1.20 ሜትር ላይ ነው፣ ለክቼ ስዕሉ ላይ አስገብቼዋለሁ፣ መሰረት ሲቆፈር ስሩ እንዳይነካ ምን ያህል ልራቅ?