እቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የሚገባው የምን ጨው ነው?

ባለመለኪያዋ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ከጀርመን የላከችልኝ እቃ ማጠቢያ ማሽን አለኝ። ድስትና ሳህን ላይ እሰየው ነው። ብርጭቆ ግን ነጭ ነገር ለብሶ ይወጣል፤ የአረቄ መለኪያዎቼማ ብሰዋል፣ ለእንግዳ ማውጣት አፈርኩ። በጨርቅ ባሸው አይለቅም፣ በሎሚ ግን ይለቃል። ውሃችን ከግቢ ጉድጓድ ወደ ሮቶ የሚሳብ ነው። አሁን ደግሞ የጨው መብራት በራ። ባለቤቴ «ጨው ጨው ነው፣ የወጡን ጨምሪበት» ይላል። እኔ እቃው ጨው ጨው እንዳይል ፈራሁ። ምን ትላላችሁ?

ጠጋኙ (ጠባሴ)፦
እህቴ፣ በሎሚ ከለቀቀ ኖራ ነው፤ ደስ ይበልሽ። ባይለቅ ኖሮ ብርጭቆው ራሱ ተበልቷል ማለት ነው፣ እሱ መላ የለውም።

ጨው እቃሽን አያገኘውም። ከታችኛው ቅርጫት ስር ክዳን ያለው የጨው ቋት አለ። ከሱ ጋር የተያያዘ፣ ሬዚን የሚባሉ ጥቃቅን ፍሬዎች የታጨቁበት ክፍል አለ። ውሃው በዚያ ሲያልፍ ኖራ የሚሆኑትን ካልሲየምና ማግኒዝየም ትቶ ሶዲየም ይዞ ይወጣል። ፍሬዎቹ ሲጠግቡ ማሽኑ የጨው ውሃ ይለቅባቸውና አጥቦ ወደ ፍሳሽ ይደፋዋል።

ለባለቤትሽ ንገሪልኝ፣ የወጥ ጨው አይሆንም። ደቃቅ ነው፣ ተጋግሮ መተላለፊያውን ይዘጋል፤ አዮዲንና ሌላም ተጨምሮበታል። አሞሌማ ጭራሽ! ስላልተጣራ ልናስወጣው የምንለፋውን ካልሲየም ራሱ ይዞት ይመጣል። የሚገዛው ፍሬው ሻካራ፣ ንጹህ ሶዲየም ክሎራይድ የሆነው ነው።

ቋቱ ጨው ገብቶበት የማያውቅ ከሆነ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ቀድሞ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ጨው ብቻ። ስትጨምሪ ውሃ ገንፍሎ ይፈሳል፣ አትደንግጪ። አፉ ላይ የቀረውን ፍሬ ግን ጥረጊ። ክሩ ላይ አንዲት ፍሬ ከቀረች ክዳኑ አይገጥምም፣ የጨው ውሃው ይሾልካል፣ ያኔ የፈራሽው ይደርሳል። ጨምረሽ ስትጨርሺ ወዲያው አስነሺው፤ የፈሰሰው ጨው ካደረ ብረቱን ያዝገዋል። ስለዚህ መብራት መኖሩን ሳታረጋግጪ እንዳትጀምሪ።

ከመሐል ሜዳ፦
የኛ ውሃ የምንጭ ነው፣ ማንቆርቆሪያችን ኖራ አይዝም። እኛም ጨው እንግዛ?

ጠጋኙ፦
አትልፉ። ማሽኑ ላይ የውሃ ኖራ መጠን የሚሞላበት ቁጥር አለ፣ ዝቅተኛው ላይ አድርጉት፤ አብዛኛው ማሽን ያኔ ጨው አይጠይቅም። ሳሙናም ቀንሱ። ኖራ የሌለው ውሃ ላይ ሳሙና ሲበዛ ነው ብርጭቆ የሚበላው።

ባለመለኪያዋ፦
እኔስ ቁጥሩን በምን አውቃለሁ?

ጠጋኙ፦
የውሃ ኖራ መለኪያ ወረቀት ካገኘሽ እሰየው። ካጣሽ ሁለት ኮዳ ያዢ፤ አንዱ ላይ የጉድጓዱን፣ ሌላው ላይ ከቆርቆሮ የወረደ የዝናብ ውሃ። እኩል የደረቅ ሳሙና ፍርፋሪ ጨምረሽ በደንብ ናጪ። ፈሳሹ የእቃ ሳሙና እንዳይሆን፣ እሱ የትም አረፋ ያወጣል። የጉድጓዱ እንደተቆራረጠ እርጎ ከሆነ ኖራው ብዙ ነው። ቁጥሩን ከፍ አድርጊና ጥቂት እጥበት እዪው፤ ነጩ ከጠፋ አንድ ደረጃ እየቀነስሽ ሞክሪ፣ ጨውም ይቆጥብልሻል።

ባለመለኪያዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ባለቤቴ አንብቦ «አሞሌውን እኔ አላልኩም» ብሏል።