አቭጎሌሞኖ ስሠራ እንቁላሉ ፍርፍር እየሆነብኝ ነው፤ እርዱኝ

ሰላም እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። ያለሁት ቆጵሮስ፣ ኒቆስያ ነው። አንዲት ትልቅ እናት እየረዳሁ እኖራለሁ። "ያያ" ነው የምላቸው፤ በእነሱ ቋንቋ አያቴ እንደ ማለት ነው። ጥርሳቸው ስለደከመ ሾርባ ይወዳሉ፣ ከሁሉም አቭጎሌሞኖ። ዶሮ ይቀቀልና በመረቁ ሩዝ ይበስላል። ከዚያ በሎሚ የተመታ እንቁላል ይገባበታል። ሲሳካ ወፈር ብሎ እንደ ክሬም ይለሰልሳል፤ ወተት ግን ጠብታ የለበትም።

የእኔው አልሳካ አለ። መጀመሪያ 3 እንቁላል ከ2 ሎሚ ጭማቂ ጋር መትቼ የሚፈላው ድስት ላይ ገለበጥኩት። ወዲያው ፍርፍር ሆነ። በሁለተኛው ትኩሱን መረቅ በጭልፋ ቀስ እያልኩ እንቁላሉ ላይ ጨመርኩ፣ እየመታሁ። በጣም አምሮ ወጣ! ግን ያያ ተኝተው ስለነበር ማታ ሳሞቀው ያው ተበጣጠሰ። ምንም ሳይሉ በሉልኝ፤ አንጀቴን በሉት።

እንቁላሉ ሲገባ እሳቱ ጨርሶ ይጥፋ ወይስ በስሱ ይቆይ? የተረፈውንስ እንዴት ነው የምታሞቁት? አንዷ ነጩን ለብቻ ምቺው ትለኛለች፣ ሌላዋ ትንሽ ኮርን ፍላወር ጨምሪ። እኔ ጾም ላይ ስለሆንኩ አልቀምሰውም፤ በዓይኔ ብቻ ነው የምፈርደው።

እዚህ የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚበላው ይኸው ሾርባ ነው። ፋሲካችንም አንድ ቀን ነው። ያን ሌሊት ከያያ ጋር አብሬ ልፈስክበት እፈልጋለሁ። ሠርታችሁ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።