ጥቆማ፦ አዳማ ላይ ለቤዝ ጊታር አነስተኛ ፔዳል ቦርድ ለማሠራት የቱ ባለሙያ፣ የትኛው ዕቃ?

ጠያቂ፣ ፍራንኮ
ሰላም ለሁላችሁ። ባጃጅ ውስጥ ጭን ላይ የሚቀመጥ፣ ወርዱ ከ40 ሴ.ሜ የማያልፍ የቤዝ ፔዳል ቦርድ (በእግር የሚረገጡ የድምፅ መቀየሪያ ፔዳሎች መደርደሪያ) ማሠራት ነው የተፈለገው። ቲዩነር (መቃኛ)፣ ኮምፕረሰር (የድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያመጣጥን)፣ ኦክቴቭ (አንድ ኦክቴቭ ዝቅ ያለ ድምፅ የሚጨምር) እና ዲአይ (ጊታሩን ከሚክሰር ጋር የሚያገናኝ) ብቻ። ሥራው ሰርግና ቸርች ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አምፕ የለም፤ ቀጥታ ወደ ሚክሰር ነው። እንጨት ቤት ይሻላል አሉሚኒየም ቤት? ኬብሉን ማን ይበይደው? መብራት ሲጠፋስ በምን ይሠራል?

ባለ አምስት ክር
አሉሚኒየም ቤት ሂድ ወንድሜ። በርና መስኮት የሚሠሩት ጋ ቁርጥራጭ አይጠፋም። 5 ሴ.ሜ ወርድ ያለው ጠፍጣፋ ቱቦላሬ ሁለት፣ እያንዳንዱ 40 ሴ.ሜ፤ በመካከላቸው 3 ሴ.ሜ ክፍተት ለኬብል ማለፊያ። ጥልቀቱ 13 ሴ.ሜ ይመጣል፤ የቦስ ፔዳል ርዝመቱ 12.9 ሴ.ሜ ስለሆነ ልክ ይሆናል። ፊቱ 2፣ ኋላው 5 ሴ.ሜ ከፍ ይበል፤ ከሥር ፓወር ባንክ የምታስቀምጠው እዚያ ነው። በሪቬት ይያያዝ፤ የተቆረጠውን ጫፍ ደግሞ በደንብ በሞረድ አስበላው። ያልተሞረደ ጫፍ በጥቂት ወር ውስጥ የኬብሉን ልባስ ይበላዋል።

ወርዱን ስታሰላ የፔዳሎቹን ብቻ አትደምር። ቦስ አንዱ 7.3 ሴ.ሜ ነው፤ ሁለት ቦስ፣ አንድ ሚኒ ቲዩነር እና 7 ሴ.ሜ የሚሆን ዲአይ ሲደረደሩ 26 ሴ.ሜ አካባቢ ይሆናሉ። በየመካከሉ ለጃኮቹ 3.5 ሴ.ሜ ጨምር፤ ወደ 37 ይደርሳል። 40 ላይ ሌላ ፔዳል አይገባም፤ አታስገድደው።

እንጨት ካልክ 12 ሚ.ሜ ኮምፐርሳቶ ይሁን፤ ቺፑድ በፍጹም፣ ብሎን አይይዝም። ኮምፐርሳቶው በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ካልተቀባ ቬልክሮ አይጣበቅበትም። ከአሉሚኒየሙ ይረክሳል፣ ግን ይከብዳል።

ቬልክሮውን የልብስ ስፌት ዕቃ ከሚሸጡት፣ ሙጫ የሌለውን ግዛ። ከዚያ ጫማ ጠጋኝ በማስቲሽ ያጣብቅልህ። የራሱ ሙጫ ያለው በአዳማ ሙቀት ይለሰልሳል፣ ከቦስ ሥር ካለው ጎማ ላይ ደግሞ ቶሎ ይላቀቃል። ሻካራው ፔዳሉ ላይ፣ ለስላሳው ቦርዱ ላይ።

ካውያና ሊድ
ኬብሉን ለሞባይል ጠጋኝ አትስጥ። ሙያቸውን ለመናቅ አይደለም፤ ካውያቸው ለጥቃቅን ሥራ የተዘጋጀ ስለሆነ የጃኩ ግራውንድ ሙቀቱን ይመጥበታል፣ ሊዱ ሳይቀልጥ ላዩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሲነቃነቅ ድምፅ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። ቴፕ፣ አምፕሊፋየርና ቴሌቪዥን የሚጠግን ፈልግ፤ ባለ 40 ወይም 60 ዋት ካውያ ይኖረዋል።

ለአራት ፔዳል ሦስት አጫጭር ኬብል፣ ማለትም ስድስት ጠፍጣፋ ጃክና 15 ሴ.ሜ የሆኑ ሦስት ቁራጭ ሽቦ ይበቃሃል። ሽቦው ዙሪያው በተጠለፈ መዳብ የተሸፈነ የማይክ ኬብል ይሁን። የስፒከር ሽቦ ካስገቡልህ ከመብራቱ የ50 ኸርዝ እዝታ («ዝዝ» የሚል ድምፅ) ይለቅማል። ከመክፈልህ በፊት በቴስተር አስለካ፦ ጫፍ ከጫፍ ይጩህ፣ አንገት ከአንገት ይጩህ፣ ጫፍ ከአንገት ግን ዝም ይበል። ኬብሉን እያጠፍክ ድገመው።

አሁን ዋናው፣ መብራት። ብዙ ሰው ለዋይፋይ ራውተር የሚሸጠውን ከፓወር ባንክ 5 ቮልት ወደ 9 ወይም 12 የሚያሳድግ ገመድ ይገዛል። ሶኬቱ ፔዳሉ ላይ ልክ ይገባል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የራውተር ገመድ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው፣ ፔዳል ግን መሃሉ ኔጌቲቭ ይፈልጋል። ሳይገለበጥ ከተሰካ መከላከያው ዳዮድ ሊቃጠል ይችላል፤ መከላከያ ከሌለው ፔዳሉ ራሱ። ባለ 9 ቮልቱን ግዛ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ አስቆርጠህ ሁለቱን ሽቦ አገላብጠህ አስበይድ፣ ከዚያ በቴስተር ለካ፦ ቀዩ ጫፍ የሶኬቱን ውጭ፣ ጥቁሩ መሃሉን ሲነካ ያለ ኔጌቲቭ ምልክት 9 ማንበብ አለበት። ለራውተር የሚሸጡት ትናንሽ ዩፒኤሶችም ያው ናቸው።

የማሳደጊያው ሰርኪት ቀጭን ፉጨት ወደ ድምፁ ሊያስገባ ይችላል። 1 አምፔር የሚችል 100 ማይክሮ ሄንሪ ኮይል በፖዘቲቩ መስመር ላይ፣ ከኋላው ደግሞ 470 ማይክሮ ፋራድ 16 ቮልት ካፓሲተር በፖዘቲቩና በኔጌቲቩ መካከል ብታስገባ ፉጨቱ በጣም ይቀንሳል። አራቱ ፔዳሎች በድምሩ 200 ሚሊ አምፔር ቢጎትቱ፣ ባለ 10,000 ፓወር ባንክ የሚባክነው ተቀንሶ 15 ሰዓት ያህል ያሠራል። ሰርግ ላይ ጄኔሬተር ሲቀያየር ቦርድህ አይጠፋም፣ ከግድግዳው መስመር የሚመጣ እዝታም የለም። የፔዳል ብዛት ከመጨመርህ በፊት ገንዘብህን ኬብልና መብራት ላይ አውጣ፤ መድረክ ላይ የሚያዋርድህ የፔዳሉ ጥራት ሳይሆን የሚቆራረጥ ጃክ ነው።

ጠያቂ፣ ፍራንኮ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ኢፌክት በአንድ የያዘ የዙም ፔዳል ብገዛስ?

ገንደ ጋራ ቤዝ
ለበጀት ዙም ቢ1 ፎር ያዋጣል። አምስት ኢፌክት በአንድ ጊዜ ያሠራል፣ ቲዩነር አለው፣ በአራት ዱብል ኤ ባትሪ ወይም በዩኤስቢ ከፓወር ባንክ ቀጥታ ይሠራል፤ የገመድ ግልበጣ ጣጣ የለበትም። ጉድለቱ የኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒን የማይክ ኬብል) መውጫ የለውም። ሚክሰሩ ሩቅ ከሆነ መብራት የማይፈልግ እንደ ቤሪንገር ዲአይ400ፒ ያለ ፓሲቭ ዲአይ ጨምርበት።

በተናጠል ከገዛህ ደግሞ፣ አምፕ ስለሌለህ፣ ከተራ ዲአይ ይልቅ ቤሪንገር ቢዲአይ21 ይሻልሃል፤ የአምፕ ጠባይ ራሱ ይጨምራል። ድራይቩን (የድምፁን መሻከር) ግን ዝቅ አድርገው፣ ብሌንዱን (የአምፕ ጠባዩ ከንጹሑ ድምፅ ጋር የሚቀላቀልበትን መጠን) ከግማሽ አታሳልፍ፤ ከዚያ በላይ የታችኛው ድምፅ ይሳሳል።

ኮምፕረሰሩን በተመለከተ፦ ሬሽዮ (የመጫን መጠኑ) 4 ለ 1፣ አታክ (መጫን እስኪጀምር የሚወስደው ጊዜ) ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ። ለችክችካ ምት ሪሊዙ (መልሶ እስኪለቅ የሚወስደው ጊዜ) ወሳኝ ነው። በደቂቃ 120 ምት ሲሄድ አንዱ ምት ለሦስት ሲከፈል እያንዳንዱ 167 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሪሊዝህ ከ150 በላይ ከሆነ ኮምፕረሰሩ ሳይለቅ ቀጣዩ ኖት ይመጣና ሁለተኛውና ሦስተኛው ታፍነው ይወጣሉ። ለትዝታ 300 ብታደርገው ችግር የለውም።

ባለ አምስት ክር
ኦክቴቩን ክፍት ኢ ክር ላይ አትርገጠው። ኢ 41.2 ኸርዝ ነው፣ ግማሹ 20.6፤ የሰርግ ስፒከር አያወጣውም፣ ጉልበቱን ብቻ ይበላል። ከኤ ክር 5ኛ ፍሬት ወደ ላይ ተጠቀምበት፤ የኪቦርድ ቤዝ ያላቸውን አዳዲስ ዘፈኖች ለመምሰል እዚያ ይጣፍጣል። አቀማመጡ ቲዩነር፣ ኦክቴቭ፣ ኮምፕረሰር፣ ዲአይ።

ገንደ ጋራ ቤዝ
በዚህ አልስማማም፤ አመታቱ እኩል ላልሆነ ሰው ኮምፕረሰር መቅደም አለበት። በሁለቱም ቅደም ተከተል ሞክረው፦ አንድ ኖት መትተህ እስኪሞት ተወው፤ ኦክቴቩ ሳይንቀጠቀጥ ረዘም ያለ ጊዜ የያዘበትን ውሰድ።

ካውያና ሊድ
ፔዳሎቹን አዲስ አበባ ነው የምትገዛው። የራስህን 9 ቮልት ባትሪና ሁለት ኬብል ይዘህ ሂድ። ቦስ ባትሪ ላይ የሚበራው ኢንፑቱ ላይ ጃክ ሲገባ ብቻ ስለሆነ ሳትሰካ «አይሠራም» አትበል፤ ስትጨርስም ጃኩን ንቀል፣ ባትሪው ያልቃል። እያንዳንዱን ቁልፍ ከዳር እስከ ዳር አዙር፤ ከተንኮሻኮሸ አቧራ ነው፣ በኮንታክት ማጽጃ ይስተካከላል፣ ግን ዋጋ አስቀንስበት።

ቦርሳውን እዚሁ አዳማ ቦርሳ ሰፊ ጋ አሠራ፦ ውስጡ 42 በ16 በ14 ሴ.ሜ፣ ሸራ፣ 2 ሴ.ሜ ስፖንጅ፣ ዚፑ ላይ የሚከደን ክፋይ ያለው። የአዳማ ነፋስ አቧራውን በዚፕ ጥርስ መሃል ጃክ ውስጥ ያስገባል።

አምፕና ሚክሰር አንድ ላይ ሲሰኩ እዝታ ከመጣ የዲአዩን ግራውንድ ሊፍት (የኬብሉን ግራውንድ የሚያላቅቅ ቁልፍ) ተጫን። የአምፑን ኧርዝ የሚቆርጥ ሰው ካየህ ግን አስቁመው፤ አምፑ ውስጥ መስመር ቢነካካ 220 ቮልቱ በክሩ በኩል እጅህ ላይ ነው የሚመጣው።